አያ ጁማ ያላየው

አርዲቦ ሐይቅን ቁልቁል የሚያየው መንደር ውስጥ ጁማን የማያውቅ የለም። መሬቱ ከሰው አይበልጥ፣ ከብቱም ከሰው አይበልጥ፤ የሚታወቀው በሞራው ነው። በግ ሲታረድ ሆድቃውን ሸፍኖ የሚገኘውን ስስ ጮማ በሁለት እጁ ወደ ፀሐይ ይዘረጋና ደም ሥሩን በዓይኑ እየተከተለ የሚመጣውን ይናገራል። ዝናቡን፣ እህሉን፣ ጋብቻውን፣ ሞቱን። ሼሁ ይህን ነገር አይወዱለትም። «ተው ጁማ፣ የሩቁን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው» እያሉ ስንት ጊዜ መከሩት። እሱም «እሺ ሼሃችን» ይልና በሚቀጥለው ሰደቃ ያችኑ ሞራ ዘርግቶ ይገኛል። ምን ያድርግ፣ ሰዉስ መች ለቀቀው!

ስሙ የገነነው በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ደርግ ሊወድቅ ሲል መንደሩ እንሽሽ አንሽሽ ብሎ ተጨነቀ። ጁማ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሞራ ማየት ከአጎቱ ተምሮ ገና መጀመሩ ነበር። በግ ታረደ፣ አየ፣ «የትም እንዳትሄዱ፤ በዳር ያልፋል እንጂ አይነካንም» አለ። የቀሩት ቀሩ፣ የሸሹት ሸሹ። እውነትም ጦሩ በዳር አለፈ፤ የሸሹት ሲመለሱ ከብታቸውን አጡት። ጦሩ በዚያ ያለፈው መንገዱ በዚያ ስለሆነ ነው እንጂ የጁማን ሞራ ጠይቆ አልነበረም። ግን ይህን ማን ያስበዋል? ከዚያች ቀን ጀምሮ በዕድሜ የሚበልጡት ሳይቀሩ «አያ ጁማ» ይሉት ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሳተ የምታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ሚስቱ መስኡዳ። አንድ ዓመት ዝናቡ ያማረ ነው አለ፤ ዝናቡ ቀረ። ሰው ምን አለ መሰላችሁ? «በጉ በሽተኛ ነበር» አለ። ሌላ ጊዜ ሙዓዝ የሚባለው የጎረቤት ልጅ ከሪያድ ለአረፋ ይገባል አለ። አረፋ መጣ፣ ሙዓዝ የለም። የገባው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ በአጋጣሚ የአረፋ ሰሞን ሆነና መንደሩ ጉድ አለ! «አያ ጁማ ለአረፋ አለ እንጂ የትኛው አረፋ መች አለ?» ተባለ። በ2010 ለውጡ መጥቶ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት አደባባይ የወጣ ጊዜ ደግሞ ጁማ ሞራውን ዘርግቶ «ብርሃን ነው የሚታየኝ፣ ጠብ የሚባል የለም» አለ። እልል ተባለ። ሁለት ዓመት አልፎ ጦርነቱ ሲነሳ ያንን ቃል ያነሳበት ሰው አልነበረም።

መስኡዳ ግን ታነሳበታለች። «‹ልክ ነህ› ማለትማ ሰው ሁሉ ይልሃል፤ የሳትከውን የምነግርህ እኔ ብቻ ነኝ» ትለዋለች።

«ወላሂ፣ እንዳንቺ ያለ ቂመኛ ሰው አላየሁም» ይላታል ጁማ እየሳቀ። ይሳሳቁና ያልፋል። እሱም ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሳተውን አያስታውስም ነበር። ሲያወራ የሚመጣለት የያዘለት ብቻ ነው።

እነዚህ ሰዎች አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሂዳያ። ከእሷ በፊት ሁለት ሞተውባቸዋል። ሂዳያ በአስራ ሦስት ዓመቷ ስኳር ታማ ተገኘች፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መርፌ ካልተወጋች አትኖርም። መድኃኒቱን በየወሩ ደሴ ሄዳ ታመጣለች። እንዳይሞቅባት እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ቀብራ፣ ማሰሮውን ጥላ ቦታ ታስቀምጣለች። ጧት ጧት አሸዋውን ውሃ የሚያጠጣው ደግሞ አባቷ ነው። ለበሬዎቹ ከመድረሱ በፊት መጀመሪያ የሚያየው ያንን ማሰሮ ነው። እንዲህ ይወዳታል።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ውጫሌ ቀረበ። የከባድ መሣሪያው ድምፅ የአምባሰልን ተራራ ተሻግሮ ይሰማ ጀመር። መንገዱ በሚሸሽ ሰው ተሞላ፤ አልጋ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ እናቱን ያዘለ። ጁማ መንገድ ዳር ቆሞ ወሬ ይጠይቃል። «ቀርበዋል፣ ውጡ» የሚለውን «ፈሪ ነው፣ ምን ያውቃል» ብሎ ይተወዋል። «ተመልሰዋል አሉ፣ አይዟችሁ» የሚል ሲያገኝ ግን ቤቱ ያስገባዋል፣ ያበላዋል፣ ጎረቤት ጠርቶ ወሬውን ደግሞ ያስወራዋል። መስኡዳ ይህን ሁሉ ታያለች። «ጁማ፣ የምትመግበው ሰው ሁሉ ደግ ወሬ ያለው ነው እኮ» አለችው አንድ ቀን። ያን ቀን አልሳቀላትም።

ረቡዕ ማታ ሰላሀዲን መጣ። የመስኡዳ ወንድም ነው፤ ከሐይቅ ከተማ ደሴ ሚኒባስ ይነዳል። ቁጭ እንኳ አላለም። «አያ ጁማ፣ ነገ ጧት ቤተሰቤን ይዤ አዲስ አበባ ልወጣ ነው። ሦስት ቦታ ይዤላችኋለሁ። አንተ ከብቴን አልተውም ብትል እንኳ መስኡዳንና ሂዳያን ልውሰድ። መንገዱ ከተዘጋ ይህች ልጅ መድኃኒት ከየት ታገኛለች?»

ሂዳያ ማሰሮውን ከፍታ አየች። «አባ፣ ያለኝ ለአስራ ሁለት ቀን ይበቃል» አለች። «በጣም ብቆጥብ አስራ አምስት። ልሂድ፤ ሲረጋጋ እመለሳለሁ።»

ነገሩ ይኸው ነበር። አስራ ሁለት ቀን። ሕፃንም የሚቆጥረው ነገር ነው።

ጁማ ግን «ጧት በግ እናርድና እንይ» አለ።

ሐሙስ ጧት መንደርተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ሁሉም ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው የእሱን ቃል ነበር። ሰላሀዲን ሞተሩን ሳያጠፋ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። በጉ ታረደ፣ ሞራው ወጣ፣ ጁማ ወደ ፀሐይ ዘረጋው። ከግርጌው አንድ ቀይ ደም ሥር ተነስቶ፣ መሃሉን ሰንጥቆ፣ አጎቱ «የቤት በር ነው» ብሎ ባስተማረው ጠርዝ በኩል ይወጣል። ጁማ አየው። አጎቱ ቢሆን ኖሮ «ውጡ» ይል ነበር። ጁማ እዚያች ጠርዝ ላይ ትንሽ ጭረት አየና ልቡ አረፈ፤ ቢላዋ ነክቶታል ማለት ነው። ቢላዋ ከነካው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያለው አይቆጠርም። ስለዚህ ደም ሥሩ መሃል ላይ ቆሟል።

በሰዓቱ በልቡ የነበረውን ኋላ ራሱ ለመስኡዳ ነግሯታል። ጤፉ ደርሶ ማሳው ላይ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አትሽሹ» ብሎ የተከበረ ሰው ነው። ደግሞ የገዛ ልጁን በሚኒባስ አሽሽቶ ሌላውን ቅሩ ቢል ማን ይሰማዋል? ቢላዋው ከየት እንደመጣ አያችሁልኝ? ፍላጎቱ ነው የሳለው።

«አይደርሱም» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አምባሰል ላይ ይቆማል። እንደ ሰማንያ ሦስቱ ነው፤ በዳር ያልፋል።»

ሰው «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ተነፈሰ። ሂዳያ ቦርሳዋን እንደያዘች አባቷን አየችው።

«አባ፣ እኔ ልሂድ ግን» አለች ቀስ ብላ።

«አብሽሪ ልጄ። እኔ አባትሽ እያለሁ ምን ትሆኛለሽ?»

መስኡዳ ልትናገር አፏን ከፈተች። ሰው ሁሉ ያያታል። ባሏን በአደባባይ ልታዋርደው አልሆነላትም፤ ዝም አለች። ይህች ዝምታ እስከ ዛሬ ታንገበግባታለች። ሰላሀዲን ትንሽ ጠበቀ፣ ሁለቴ ጥሩምባ ነፋ፣ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ ታጣቂዎቹ መንደሩን አልፈው ወረዱ። ሐይቅ ተያዘ፣ ደሴ ተያዘ፣ ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ። መንደሩን ብዙም አልነኩትም፤ በግና እህል ወስደው አለፉ። ሰው ወዲያው «አያ ጁማ እንዳለው ነው፣ በዳር አለፈ!» ማለት ጀመረ። ጁማም፣ አላህ ይቅር ይበለው፣ የመጀመሪያውን ሰሞን ደስ ብሎት ነበር።

ሂዳያ መርፌውን በግማሽ፣ ኋላም በሩብ አደረገችው። በአስረኛው ቀን ጁማ በእግሩ ሐይቅ ወረደ። የመድኃኒት ቤቱ በር ተገንጥሎ መደርደሪያው ባዶ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ወለል ላይ የተበተነ ወረቀት እንጂ ሰው የለም። ወደ ደሴ ሲያቀና ኬላ ላይ መለሱት። «ልጄ ልትሞትብኝ ነው» አለ፤ በማልቀሱ አላፈረም። ኬላው ላይ የቆመው ወጣት ታጣቂ «አባት፣ ተመለስ፣ ይተኩሱብሃል» አለው። በሌላ መንገድ ሞከረ፤ ተኮሱበት።

በአስራ ሰባተኛው ቀን ማሰሮው ውስጥ ከአሸዋ በቀር ምንም አልነበረም። ሂዳያ ውሃ ጠጥታ ውሃ ትለምን ጀመር። የጠጣችውን ታስመልሳለች፤ አተነፋፈሷ ሩቅ መንገድ የሮጠ ሰው ትንፋሽ ሆነ። ጁማ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁርኣን ቀራላት። «አባ፣ አንተ ምን ታደርግ» ብላዋለች፤ ያ ነው የመጨረሻ ቃሏ። በሃያኛው ቀን ከቀትር በፊት ሞተች። መንገዱ የተከፈተው ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው።

አርባ ቀኗ ሲደርስ አገሩ ተረጋግቶ ነበር። ጁማ ሰደቃ አወጣ፣ በግ ታረደ፣ መንደሩ ተሰበሰበ። ዱዓው ካለቀ በኋላ ሐጂ ኢምራን የሚባሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጁማ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥህ። እኛ አንተን ሰምተን ቀረን፤ አንድ ቤት አልተቃጠለብንም። ቃልህ አልሳተም። የልጅቷንም ነገር ያን ቀን አይተኸው ነበር፤ እኛን ላለማስፈራት ብለህ ዋጥከው። ለመንደሩ ስትል ነው የከፈልከው።»

«እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ ሰው። ብዙው አለቀሰ።

ጁማ ደረቱ ላይ ተጭኖት የነበረው ነገር ላላ ሲል ተሰማው። አርባ ቀን ሙሉ አልተነፈሰም ነበር። አይቶት ከሆነ፣ የተጻፈ ከሆነ፣ እሱ ምን አጠፋ? ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። ራሱን ዝቅ ቢያደርግ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ቀና ሲል መስኡዳን አያት። በር ላይ ቆማለች። ያች የሳተውን ሁሉ ስትቆጥርለት የኖረች ሴት ይህን አንዱን አልቆጠረችበትም። አርባ ቀን ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣትም። ብትሰድበው ምንኛ በወደደ!

ተነስቶ ጓዳ ገባ፣ ማሰሮውን ይዞ ወጣ። አሸዋው ደርቋል። በሰው ፊት መሬት ላይ ገለበጠው፤ ከአሸዋው ውስጥ አንዲት ባዶ ብልቃጥ ወጣች።

«ምንም አላየሁም» አለ። «ስሙኝ። ደም ሥሩ በበሩ በኩል ወጥቶ ነበር፤ መቅረት ስለፈለግሁ ቢላዋ ነው አልኩ። ቢላዋ አልነበረም። ቢሆንስ? የበግ ጮማ ምን ያውቃል? ልጄ አስራ ሁለት ቀን አለኝ አለችኝ። አስራ ሁለት መቁጠር አያቅተኝም ነበር። መኪናው ደጄ ቆሞ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረኋት።»

ሐጂ ኢምራን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሱብሐነላህ፣ ሐዘን ነው» አሉ በለሆሳስ፣ ከጎናቸው ላለው ሰው። ሰዉ አንድ በአንድ እየተነሳ ትከሻውን እየነካ ወጣ።

የቀረችው ጎረቤታቸው ሲቲ ነበረች። የዛሬውን በግ ሞራ በሳህን ይዛለች። «አያ ጁማ፣ ልጄ ጂዳ ልትሄድ ነው» አለች። «ላስቸግርህ ብዬ አልነበረም። እንዲያው አንድ ጊዜ ብታይልኝ።»

«ሲቲ፣ አላየሁም እኮ ነው የምልሽ! አላይም! ልጅሽን የሚወስዳት ማን ነው? የት ነው የምትገባው? ይህን ጠይቂ!»

«እሺ አያ ጁማ፤ አላየህም» አለችው፣ ልጅ እንደምታባብል። ሳህኑን በሻሿ ጫፍ ሸፈነችና ወጣች። ከአጥሩ ውጭ ለምትጠብቃት ሴት ስታወራ ድምፅዋ ይሰማ ነበር።

«አየሽው? እንዲህ ተቃጥሎ እንኳ ሊያስጨንቀን አይፈልግም። እምቢ ያለው አንድ ነገር አይቶባት ነው። ልጄ ትቅርብኝ።»

መስኡዳ ሰማች፤ ጁማም ሰማ። አሸዋው አጠገብ ቁጭ አለ። ሴቶቹ ቁልቁለቱን ወርደው ከዓይን እስኪጠፉ ድረስ «አላየሁም፣ አላየሁም» ይል ነበር። መስኡዳ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ ከአርባ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አዎ፣ አላየህም» አለችው።