ጎበዜ የሸለመው ሰው

ጎበዜ ማሲንቆውን ታቅፎ ሲያወድስ ያየ ሁሉ ሰው የሚወድ ይመስለው ነበር። ጎበዜ ግን ሰው አይወድም። ከጎንደር ገጠር መጥቶ አብነት አጠገብ እትዬ በለጥሻቸው ጠጅ ቤት መጫወት ከጀመረ ወዲህ፣ ብርሌ ከጨበጠው ሁሉ ያልናቀው አንድም አልነበረም። ሚስቱ በጭልፋ እያባረረች ከቤት የምታስወጣው ሸራ ነጋዴ ገና ከደጅ ብቅ ሲል ጎበዜ ብድግ ይልና እንዲህ ይለዋል፤

ነብር ነው ነብር ነው፣ ማን አለ ደፋሪ፣
ስሙ ሲጠራበት ጠላት ነው በራሪ።

ነጋዴው ደረቱን ይነፋል። ከዚያ አንድ ብር በምራቁ አርሶ የጎበዜ ግንባር ላይ ይለጥፋል። ጎበዜም በልቡ «ይኼ ደንቆሮ» እያለ በአፉ ይመርቀዋል። ሌባውን ቸር፣ ፈሪውን ጀግና ሲል ጸጉሩ ሸበተ፤ ውሸት ግን አንድ ቀን እንኳ ምላሱን ከብዶት አያውቅም።

ሙያውን የገደለው አብዮቱ ያመጣው የሰዓት እላፊ አዋጅ ነው። ጠጅ ጠጪ የሚሞቀውና እጁ የሚፈታው ከመሸ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሁሉም ወደየቤቱ ይሮጣል። ጎጆውን ቀና ያደረገችው በርበሬ ተራ ተቀምጣ ስታስነጥስ የምትውለው ሚስቱ እታለም ነበረች። እግዜር ሳይደግስ አይጣላምና፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሀብተ ወልድ ጎበዜን አስጠርቶ በኪነት ቡድኑ ውስጥ ደመወዝተኛ ሊያደርገው እንዳሰበ ነገረው። ሰውየው ከአብዮቱ በፊት የቤት ደላላ ነበር፤ አሁንም ሲናገር ቤት የሚያሻሽጥ ይመስላል።

ሥራው በነጻ አልነበረም። ከወንድም ሶሻሊስት አገር የመጣ ስመ ጥር የቫዮሊን ተጫዋች ቅዳሜ በአዳራሹ ለሰፊው ሕዝብ ይጫወታል። ከእሱ ቀጥሎ ጎበዜ ይነሣና እንግዳውን ያወድሳል፤ አብዮቱን ያወድሳል፤ እግረ መንገዱንም ሊቀመንበሩን አይረሳም። ካማረለት ሰኞ ደመወዝተኛ ነው። እታለም ይህን ስትሰማ ኮቱን ራሷ አጥባ ተኮሰችለት።

የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም ስለተባለ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጎበዜ ማሲንቆውን በጉልበቱ መሐል አቁሞ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፈረንጁ ገባ። መላጣ ነው፤ ከሲታ ነው፤ ኮቱ ሌላ ሰው ያዋሰው ይመስላል። ጎበዜ ገና ሲያየው ናቀው። ይህ ሰው አይስቅም፤ ሊቀመንበሩን ዞር ብሎ አያይም፤ ማን ምን እንደለበሰ አይቃኝም። እንዲህ ያለው አዝማሪ ጠጅ ቤት ቢገባ ጦሙን ያድራል። ደግሞ አራት ጅማት ምን ይሠራለታል? ጎበዜ በአንድ የፈረስ ጭራ ስንቱን ቋጣሪ ኪሱን አስፈትቷል። ቫዮሊኑን ከአገጩ ሥር አድርጎ ጉንጩን ሲያስደግፍበትማ፣ «ሊተኛበት ነው» አለ በልቡ።

ሰውየው መምታት ጀመረ። ጎበዜ ባላንጣውን እንደሚሰማ አዝማሪ ጣቱ የምትስትበትን ቦታ መጠበቅ ያዘ። ጣቱ አልሳተችም። ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ሲሰማ ሌላ ሰው የደበቁ መስሎት መጋረጃውን አየ፤ ከመጋረጃው ሥር የማንም እግር የለም። ከዚያ ዜማው ዝቅ አለና ቀጥኖ ሊበጠስ ደረሰ፤ ግን አልተበጠሰም። ጎበዜ ሳያስበው የገዛ ማሲንቆውን አንገት በጣቱ እየተጫነ ሊከተለው ሞከረ። ብዙ ሳይሄድ ጠፋበት፤ ጣቱን አነሣና እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

ሰውየው ትንፋሽ ሊወስድ ቆም ሲል ጓድ ሀብተ ወልድ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። ሊቀመንበር አጨብጭቦ ያላጨበጨበ በማግስቱ ምክንያቱን ይጠየቃልና አዳራሹ በሙሉ ተከተለው። ፈረንጁ ጭብጨባው እስኪያልፍ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀና ቀጠለ። በሚቀጥለው ማረፊያም እንዲሁ ሆነ። ጎበዜ ዞሮ ሕዝቡን አየ። ቅቤ ነጋዴው ጥርሱን ይጎረጉራል፤ ተሸካሚዎቹ ተደጋግፈው ተኝተዋል፤ ካድሬው ሰዓቱን ያያል። ላህያ ማር አይጥማትም የተባለው ለካ ለእነዚህ ነው። ሲንቃቸው ኖሯል፤ እንደዚያን ዕለት ግን ተጸይፏቸው አያውቅም።

በመጨረሻ ሰውየው እጁን አወረደ። አሁን በእርግጥ አልቋል። ጓድ ሀብተ ወልድን ግን ከላይ የመጣ ባለሥልጣን ቀደም ብሎ «ገና ነው» እያለ በክርኑ ጎሽሞት ስለነበር እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። እሱ ስላላጨበጨበ ማንም አላጨበጨበም። ላቡ የሚንጠባጠበው ሰው በዚያ ጸጥታ መሐል ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ጎበዜ አልቻለም። አዝማሪ ይሸለማል እንጂ አይሸልምም፤ አዝማሪ አዝማሪን ሸለመ ሲባልማ ተሰምቶ አይታወቅም። ማሲንቆውን ወንበሩ ላይ አስተኝቶ ወደ መድረኩ ወጣ፤ ከኮቱ ኪስ አንድ ብር አውጥቶ በምራቁ አራሰና ፈረንጁ ግንባር ላይ ለጠፈው። ሰውየው ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ የጎበዜን እንባ አየ። ብሩ እንዳይወድቅ በጣቱ ደግፎ እጅ ነሣው። ከኋላ አንዱ «ፈረንጁ፣ ተቀበል» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አብዮት ጠባቂዎች ጎበዜን ብብቱን ይዘው አወጡት፤ ውዳሴውም ሳይባል ቀረ።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ጓድ ሀብተ ወልድ ሳይባልለት የቀረው ውዳሴ አጓጉቶት መሰል ልቡ ራራ።

«ጓድ ጎበዜ፣ ግለ ሂስ አድርግ» አለው። «ጠጥቼ ነው፤ በኋላ ቀር የፊውዳል ልማድ የአብዮቱን እንግዳ አዋርጃለሁ በል። ሥራህን አንወስድብህም።»

እታለም ከሴቶቹ መሐል ሆና በዓይኗ «በል» አለችው። ምን ይከብዳል፤ አንዲት ውሸት ናት። ጎበዜ ተነሣ።

«ትናንት ጠጥቼ...» ብሎ ጀመረና ምላሱ እንቢ አለው። «አልጠጣሁም። በዚህ ሰፈር ነብር ያልኩት ሁሉ ነብር አልነበረም፤ የሸለማችሁኝ በውሸቴ ነው። እርስዎንም አንበሳ ብዬዎት አውቃለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር፤ ለሆዴ ብዬ ነው። ያ ሰው ግን ይገባዋል። ነገም ባገኘው እሸልመዋለሁ።»

ሸራ ነጋዴው አቀርቅሮ ጫማውን አየ። የጓድ ሀብተ ወልድ ፊት ጠቆረ። ደመወዙ ለአንድ ክራር መቺ መሰጠቱን እዚያው አስታወቀና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ጎበዜ ከአዳራሹ ሲወጣ ሰውነቱ ቀልሎት ነበር። በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ ቤት ሲሄዱ ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል። እታለም ስለ ደመወዙ መናገሯ አይቀርም፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ትለኛለች ብሎ መልሱን አዘጋጅቷል። እሷ ግን ቤተ ክርስቲያኑን ካለፉ በኋላ፣ ፊቷን ሳትመልስ ጠየቀችው።

«በሠርጋችን ቀን ለእኔ ያዜምክልኝስ? እሱም እንደነሱ ነው?»

ለማንም ውዳሴ አጥቶ የማያውቀው ጎበዜ አፉን ከፈተ። ያንኑ ግጥም ከእሷ በፊት ለስንት ሙሽራ እንደዘፈነው ትዝ ሲለው፣ መልሶ ዘጋው።