የሦስት ዓመቱ መንገድ

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ የልማት ፕላን ሠራተኛ ነበርኩ። ቦሩ ሜዳ አጠገብ ያለች አንዲት መንደር በሽተኛዋን በቃሬዛ ተሸክማ ነበር ሆስፒታል የምታደርሰው። መንገድ ንደፍላት ተባልኩ። ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነደፍኩ፤ «በሦስት ዓመት ያልቃል» ብዬም ጻፍኩበት። ካርታውን ለመንደሩ ሽማግሌ ለሼህ ይማም አስረከብኩ።

ዓመት ሳይሞላ መልእክት መጣ፤ መንገዱ አልቋል! ከአለቃዬ ጋር በላንድሮቨር ከነፍን። እውነትም አልቋል! መንደሩ ዱአ አድርጎ፣ በደቦ ወጥቶ፣ የኔን ሦስት ዓመት በአንድ በጋ ጨርሶታል! አለቃዬ ትከሻዬን እየመታ «አንተ ልጅ!» ሲለኝ መሬት አልበቃኝም።

መሃል ላይ ስንደርስ ግን መንገዱ ድንገት ታጠፈና አንድ ማሳ ዞሮ ተመልሶ ገጠመ። ድፍን ክብ!

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አለቃዬ።

እኔ ምን አውቄ! «አደባባይ ነው፣ ጓድ። ወደፊት ከተማ ሲሆን...» አልኩ።

«አርቆ አሳቢ!» ብሎ ጭራሽ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ሼህ ይማምን ገለል አድርጌ «አባባ፣ ይህን ክብ ማን ሥሩ አለዎት?» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ እንዳዘዝከው ነው። እኛም ግራ ገብቶን ነበር፤ ግን የተማረ ሰው በከንቱ አያዝም ብዬ የገብስ ማሳዬን ሰጠሁ» አሉና ካርታውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉልኝ።

ጣታቸው ያረፈው የሻይ ብርጭቆዬ ቂጥ የታተመበት ላይ ነበር።