ብርሃን የማያስገባው ስፌት

ደምበጫ ገበያ ውስጥ «ሀጀራ የሰፋችው ድንኳን ክረምት ከርሞ ጠብታ አያስገባም» መባል ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሀጀራም ይህን ስሟን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው። ገዢ ስፌቷን በጥፍሩ ሲፈትግ ካየች «ተወው፣ ጥፍርህ ይነቀላል» ትለዋለች እንጂ አትሟገትም።

እንግዲህ የፊዚክስ መምህሩ የሺዋስ ማክሰኞ ዕለት መጥቶ «እትዬ ሀጀራ፣ ስፌትዎ ያስገባል» ሲላት ቆሽቷ አረረ። የተማሪ ልብሱን ስትሰፋለት ያደገ ልጅ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሩቅ ሕዋ ኃይለኛ ቅንጣቶች ይመጣሉ፤ ላይ ካለው አየር ጋር ሲጋጩ ሌሎች ቅንጣቶች ይወልዳሉ፣ ልጆቻቸው እኛ ዘንድ ይደርሳሉ። ዓይን አያያቸውም። የሺዋስ እነሱን ሊቆጥር ሁለት የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ደራርቦ አስቀምጧል። ቅንጣት ሲያልፍባቸው ብልጭ ይላሉ፤ መሣሪያውም ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ብልጭ ካላሉ አይቆጥርም። ብልጭታዋ እጅግ ደካማ ናትና የውጭ ብርሃን ጨርሶ መግባት የለበትም። ሰሌዳዎቹን ከብርሃን የሚከልለውን ጥቁር የጨርቅ ሽፋን የሰፋችው ሀጀራ ናት።

«ፀሐይ ስትወጣ ቁጥሩ ያብዳል፤ ሲደምን ይወርዳል» አላት። «ዓርብ ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ለሌላ ሰፊ ልሰጠው ነው።»

«ሌላ ሰፊ? እኔ ሳልሞት?»

ሱቋን ዘግታ ተከትላው ትምህርት ቤት ሄደች። ሽፋኑን አስወልቃ፣ ግቢው መካከል በጠራራ ፀሐይ ጭንቅላቷን ከተተችበትና ጫፉን አንገቷ ላይ አሳሰረችው። ተማሪዎች ይስቃሉ። እሷ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቀች።

ከዚያ አየችው። በስፌቱ መስመር ሁሉ፣ መርፌ በገባበት ሁሉ፣ የብርሃን ነጥብ ተደርድሯል። እንዲጠነክር ብላ እንደ ድንኳን በወፍራም መርፌ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነበር የሰፋችው። የድንኳን ቀዳዳ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ክሩ አብጦ ይደፍነዋል። እዚህ ግን ዝናብ የለም፤ በደገመች ቁጥር ቀዳዳ ስትጨምር ኖራለች። ሀጀራ አፈረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ከውስጥ ሆና። «ስፌቱን ግን ማንም አይነካብኝም፤ ሐሙስ ትወስዳለህ።»

ሁሉንም ተረተረችው። ጠርዙን ሁለቴ አጥፋ በቀጭን መርፌ አንድ ጊዜ ብቻ ሰፋች፤ ሰም አቅልጣ፣ ጥቀርሻ ለውሳ፣ መስመሩን በአውራ ጣቷ እያሸች አጠጣችው። ስትጨርስ እንደገና ጭንቅላቷን ከትታ ፀሐይ ላይ ቆመች። ድቅድቅ ጨለማ ነው። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ሐሙስ መሣሪያውን ክፍል ውስጥ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አቆሙት። የሺዋስ ለአሥር ደቂቃ በወፍራም ጋቢ ሸፍኖ ቆጠረ፤ ጋቢውን ገፍፎ እንደገና ለአሥር ደቂቃ ቆጠረ። ቁጥሩ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። መምህሩ እንደ ልጅ ዘለለ።

ሀጀራ ግን ፊቷን አጨማደደች። «ምን ያስደስትሃል? አሁንም ይቆጥራል እኮ! በየት በኩል ነው የሚገባ?»

«ይኸ በስፌት የገባ አይደለም፣ እትዬ። የጣሪያውን ቆርቆሮም፣ ጨርቁንም፣ እኔንና እርስዎንም አልፎ የሚሄድ ነው።»

ሀጀራ ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥፍሯ ፈተገችው።

«እንግዲያ ይግባ» አለች። «በእኔ ስፌት በኩል አይሁን እንጂ።»