ጨርቅ የተወተፈበት ቃጭል

ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን 2017 ዓ.ም. ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም። አሥራ ሁለት ከሆነ ሚካኤል ነው፤ በሚካኤል ደግሞ የላስታ ገበሬ ማጭድ አያነሳም። እኔ ግን ከመንገዳችን በላይ ባለው ማሳ ጎንበስ ብለው ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ማየቴን አስታውሳለሁ። እንግዲያው አሥራ አንድ ነበር፣ ወይም አሥራ ሦስት። ለአንድ ቀን ልዩነት እንዲህ መጨነቄ ለሌላ ሰው ያስቅ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ተነስቼ አሥራ ሁለት ቀን መቁጠር ነበረብኝ፤ ከየት እንደምጀምር አላወቅኩም።

ደሳለ ላሊበላ ውስጥ እንግዶችን በብስክሌት የሚያስጎበኝ ሰው ነው። አርባ ሁለት ዓመቱ፤ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ። ከከተማው በታች ካለ መንደር ተወልዶ በዘጠኝ ዓመቱ ዲቁና ተቀበለ። ከመጀመሪያ ሚስቱ ተፋቶ ኤልሳቤጥን ሲያገባ ክህነቱ ፈረሰ። ያኔ አንድ ፈረንጅ ትቶለት የሄደውን ብስክሌት ጠጋግኖ ሥራ ጀመረ፤ አንዱ ብስክሌት ሰባት ሆነ። ጦርነቱ መጣ፤ አብዛኞቹ ሆቴሎች ተዘጉ፤ ሰባቱ ሁለት ቀሩ። እኔ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው እንግዳ ነበርኩ። ለገና ደግሞ አራት ሰዎች እንመጣለን ብለውት ስለነበር መንገዱ አሁንም የሚኬድበት መሆኑን ከእኔ ጋር አብሮ ሊያይ ፈለገ።

ጠዋት ቤቱ በር ላይ ኤልሳቤጥ ጋቢ አውጥታ አለበሰችኝ። የውጭው ብርድ ይቆረጥማል።

“ጋሼ፣ ብስክሌት ነድተው ያውቃሉ?” አለችኝ።

“ድሮ፣ ተማሪ ሳለሁ።”

“ድሮማ ደሳለም ቆንጆ ነበር።” ወደ እሱ ዞረች። “በደህና መልስልኝ።”

“እሳቸውን ነው ብስክሌቱን?”

“ብስክሌቱን። እሳቸው የተማሩ ናቸው፣ መንገዱን አያጡትም።”

የሽማግሌ አባቱ የአያ ደግሰው ሳቅ ከውስጥ ተሰማ። የደሳለ ሁለት ወንዶች ልጆች ገና አልተነሱም ነበር።

መንገዱ የሚጀምረው ከዮርዳኖስ ነው፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ድንጋዩን ሰንጥቆ ከሚወርደው ወንዝ። ቁልቁለቱን ጨርሶ የንጉሥ ቦይ የሚሉትን አሮጌ የመስኖ ቦይ ይይዛል። ሽማግሎች በንጉሡ ዘመን ተቆፈረ ይላሉ፤ እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። የቦዩ ዳር ከሁለት ክንድ አይሰፋም። በአንድ በኩል ውሃው፣ በሌላው በኩል ጥቅጥቅ ያለ ወይራና ገደል። ሲመቸን እየነዳን፣ ሲጠብብን እየገፋን ወረድን። ከኋላው ሆኜ የብስክሌቱ መሪ ላይ የተንጠለጠለውን ነገር አየሁት፤ አፉ ውስጥ ጨርቅ የተወተፈበት ትንሽ የነሐስ ቃጭል።

“ይሄ ለምንድን ነው?” አልኩት።

“ወፍጮው ጋ ስንደርስ ልንገርዎ” አለ።

ወፍጮው የአያ አረጋ የውሃ ወፍጮ ነው። ጣሪያው ግማሹ ወርዷል፤ ውሃው ድንጋዩን ሳይነካ በጎን ያልፋል። ደሳለ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ስለ ቦዩ ሊነግረኝ ያሰበውን ታሪክ ሁሉ ትቶ ስለ ቃጭሉ ነገረኝ።

“የብስክሌት ክፋቱ ድምፅ የለውም። በዚህ ዘመን ጠመንጃ የያዘ ሰው አጠገብ ድምፅ ሳያሰሙ መድረስ ሞት ነው፣ ጋሼ። ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ማነህ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ከቅዳሜ ገበያ የበቅሎ ቃጭል ገዛሁ። ከሩቅ ይሰማሉ፣ አይደነግጡም ብዬ።”

“ጥሩ ሐሳብ ነው።”

“ጥሩ ነበር። አምና በሰኔ መንገድ ተዘግቶ ለታች መንደሮች የስኳር በሽታ መድኃኒት አመላልስ ነበር። አንድ ጠዋት ጋቢዬን ተከናንቤ፣ እየቃጨልኩ እዚሁ ጥግ ጋ ስታጠፍ፣ ስምንት ይሁኑ አሥር የታጠቁ ሰዎች መሬት ላይ ተደፍተዋል። መጀመሪያ የሞቱ መስሎኝ ነበር።”

አልሞቱም። እየሰገዱ ነበር። በዚህ አገር ካህን ለሚያጣጥር ሰው ሥጋ ወደሙን ይዞ ሲሄድ ዲያቆኑ ከፊት ቃጭል ያቃጭላል። የሰማ ሁሉ ከመንገድ ወርዶ ይደፋል፤ ቃጭሉ እስኪያልፍም ቀና አይልም። የደሳለ የበቅሎ ቃጭል ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ቁርጥ የመቅደሱን ይመስላል።

“ታዲያ ምን አደረግክ?”

“ምን አደርጋለሁ! እየቃጨልኩ አለፍኩ። እኔ፣ ክህነቴ የፈረሰ ሰው፣ በኪሴ መድኃኒት ይዤ። ከመካከላቸው አንዱ እንደተደፋ፣ ‘አባቴ፣ የሚቆርበው ማን ነው? የክርስትና ስሙን ይንገሩንና እናስበው’ አለ። ዝም ብል ቀና ይላል። ወፍጮው ከፊቴ ነበር። አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። ‘ወልደ ሐና’ አልኩ።”

ወልደ ሐና የአያ አረጋ የክርስትና ስም ነው። የክርስትና ስም ከቤተሰብና ከንስሐ አባት በቀር ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ደሳለ ግን በዲቁናው ዘመን ሲነሳ ሰምቶ ያውቀዋል።

“ጤነኛ ነበሩ” አለ። “ኩንታል ያነሱ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ውሃ ሊመልሱ ወጥተው እዚህ ቦዩ ዳር ሞተው ተገኙ። ጉድጓዳቸውን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።”

ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ልቡ ሊቆም እንደሚችል፣ ስም መጥራት ሰው እንደማይገድል ነገርኩት። በትዕግስት አዳመጠኝ።

“ልክ ነዎት” አለ። “ጨርቁን ግን አላወጣውም።”

ስንነሳ ጉም ከወንዙ እየወጣ ነበር። ከወቅቱ ውጪ ዘንቦ ስላደረ ሸለቆው ተሸፍኖ፣ ከብስክሌቴ ፊት ያለውን የደሳለን ነጭ ጋቢ እንኳ አንዳንዴ አጣው ነበር። ወደ ከተማው ልንመለስ ብስክሌቶቹን እየገፋን ጥቂት እንደሄድን ደሳለ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ከፊታችን፣ መንገዳችን ከቦዩ ዳር ወረድ በሚልበት፣ የወንዶች ድምፅ ይሰማል። አንዱ ያስላል። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ጠመንጃ ሲቀባበል።

“እንመለስ” አልኩት በሹክሹክታ።

“ኮቴያችንን ሰምተዋል።”

“ሰላማዊ ሰዎች ነን በላቸው።”

“እኔን ያውቁኝ ይሆናል። እርስዎን ማን ናቸው ልበል? ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ መሐንዲስ ወስደው እስካሁን ያለበት አልታወቀም።”

የአዲስ አበባ መታወቂያዬ በደረት ኪሴ ነበር። በጋቢው ላይ እጄን ጫንኩበት፤ ወረቀቱ የሚያቃጥለኝ መሰለኝ። ከታች፣ “ማነው?” የሚል ድምፅ መጣ፤ ገና ኃይለ ቃል ያልሆነ፣ ሊሆን ግን የተዘጋጀ።

ደሳለ ዞሮ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ፤ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። ከዚያ ሁለት ጣቶቹን ቃጭሉ አፍ ውስጥ ከትቶ ጨርቁን አወጣ። ጋቢውን ወደ ግንባሩ ሳበ። እኔም ሳብኩ።

የቃጭሉ ድምፅ ጉሙን አልፎ ሲሄድ ከታች ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ቀጥሎ የጠመንጃ ሰደፍ ድንጋይ ሲነካ ሰማሁ፣ የጉልበት ኮሽታ፣ “አቤቱ ማረን” የሚል ማጉረምረም። ወደ ፊት ሄድን። በጉሙ ውስጥ ጀርባቸው ታየኝ፤ ከመንገድ ወርደው የተደፉ ሰዎች፣ ጠመንጃቸው ከጎናቸው። አንደኛው ጫማ አልነበረውም። ደሳለ ሳያቋርጥ ቃጭሉን ይመታ ነበር። እኔ የምጸልየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም እንዳይጠይቅ።

“አባቶቼ” አለ የሽማግሌ ድምፅ ከመሬት፣ “የሚቆርበው ማን ነው? የክርስትና ስሙን።”

ደሳለ እርምጃውን አልገታም። ቃጭሉም አልቆመም።

“ገብረ ዮሐንስ” አለ።

“ገብረ ዮሐንስን ይማረው” አሉ በአንድነት።

ከዚያ ወዲያ እስከ ዮርዳኖስ ድረስ ብስክሌቶቹን እየገፋን ወጣን። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ ስሙን ይዤው ሄድኩ። የእኔ አይደለም፤ የእኔ ኃይለ ገብርኤል ነው። የሴት ስም አይደለም፤ ስለዚህ ኤልሳቤጥ አይደለችም። የአያ ደግሰው ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ያልተነሱት ልጆች መጡ። ከዚያ ከፊቴ ብስክሌቱን እየገፋ የሚሄደውን ጀርባ አየሁ፤ የእሱን የክርስትና ስም እንደማላውቅ ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ስም ሰው አይገድልም ብዬ ያስረዳሁት እኔ፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ከከተማው ልወጣ አልችልም ነበር።

ከወንዙ ማዶ ከሆቴሌ በር ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ደሳለ ብስክሌቴን ተቀበለኝ። ጨርቁን ከኪሱ አውጥቶ በአውራ ጣቱ ቃጭሉ ውስጥ መልሶ ወተፈው፤ እየደጋገመ ጠቀጠቀው።

“እግርዎን በሙቅ ውሃ ይዘፍዝፉት፤ ነገ ያምዎታል” አለ። “ለገና ለሚመጡት መንገዱ አይሆንም እላቸዋለሁ።”

“ደሳለ” አልኩት።

“ጋቢው ይቆይ፣ ጋሼ። ኤልሳ ትወስደዋለች።”

አፌን ስከፍት አንዱ ብስክሌት ላይ ወጥቶ ሌላውን በአንድ እጁ እየጎተተ ተነስቶ ነበር። ወደ ቤቱ በሚወስደው ሳይሆን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወጣው ዳገት ታጠፈ፤ ወደ ንስሐ አባቱ ይመስለኛል። ጠራሁት። አልዞረም። ከጥግ ሲሰወር ምንም ድምፅ አልነበረውም።