ከዳንግላ እስኪመጣ

እንጅባራ ውስጥ የገበሬ መሬት መዝገብ በሚያዝበት አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። መዝገቡ የሚቀመጥባቸው ሁለት ዳታቤዞች ነበሩን፤ አንዱ እኛ ጋ፣ ሌላው ዳንግላ። በኔትወርክ ስለተገናኙ የዳንግላን መዝገብ እዚሁ ሆነን እንፈልጋለን። ግን አንድ ስም ለማውጣት አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ጥፋቱን በኔትወርኩ እያላከክን ባለጉዳዩን "ነገ ተመለሱ" እንላለን።

አንድ ጠዋት፣ የመሬት ክርክር የሚታየው እኛ ጋ ስለነበር፣ ሁለት ወንድማማቾች ከዳንግላ ገጠር መጡ። አንዱን ቁራጭ መሬት ሁለቱም "የእኔ ብቻ ነው" ይላሉ። ሲመላለሱ ሦስተኛቸው ነው። ታናሹ ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ታላቁ ዱላቸውን ይዘው ፊቴ ቆመዋል።

"ኮምፒውተሩ እየፈለገ ነው፣ ትንሽ ይታገሱ" አልኳቸው።

"ምን ይፈልጋል! ይሄ ቀድሞ አናግሮህ ነው የምትደብቀው!" አሉ ታላቁ ወንድማቸውን እየጠቆሙ።

ታናሹ ሳቁ። ወዲያው የታላቁ ዱላ ዓይናቸው ላይ አረፈ። ደሙ ጠረጴዛዬ ድረስ ተረጨ። ሁለተኛው ምት ሲወርድ መሃል ገባሁ፤ የቀኝ ክንዴ አጥንት ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ዘበኞች ታላቁን መሬት ላይ ጥለው ረገጧቸው። ኮምፒውተሩ አሁንም እየፈለገ ነበር።

ክንዴ በጀሶ ታስሮ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ዳንግላ ላለው ባልደረባዬ ደውዬ ያን ቀን ስፈልገው የነበረውን የታላቁን ስም እዚያው እንዲፈልግ ጠየቅሁት።

"ወጣ እኮ!" አለኝ ስልኩን ሳይዘጋ።

ያኔ እኔ ራሴ የጻፍኩትን የመፈለጊያ ትእዛዝ ከፍቼ አየሁት። የዳንግላን መዝገብ በሙሉ አንድ በአንድ ወደ እንጅባራ እየጎተተ፣ ስሙን የሚለየው እኛ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው። በግራ እጄ አስተካከልኩት፦ ስሙ ወደ ዳንግላ ሄዶ እዚያው ይፈለግ፣ የተገኘው ብቻ ይምጣ። ጣቴን ሳላነሳ መልሱ መጣ። መሬቱ የተመዘገበው በሁለቱም ስም ነበር።

መልሱን በወረቀት አትሜ ዳንግላ ታናሹ ዘንድ ሄድኩ። ታናሹ አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል። አነበብኩላቸው።

"የሁለታችንም ነው?"

"የሁለታችሁም።"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን አልወጣም?"

"መፈለጊያውን አበላሽቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ሊመቱኝ መሰለኝ። ጡጫቸውን እንደጨበጡ "ሂድና ለእሱም ንገረው" አሉኝ።

በማግስቱ ታላቁን የታሰሩበት ሄጄ ነገርኳቸው። ፊታቸውን አዙረው ግንባራቸውን ከግድግዳው ጋር ያጋጩ ጀመር፤ ሁለት ፖሊሶች ጎትተው እስኪወስዷቸው ድረስ አላቆሙም።