የጋሽ በሺር እንክብሎች

ጋሽ በሺር ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈርተኛው ይበልጥ የሚያውቃቸው ግን በመድኃኒታቸው ነበር። ሐኪም ያዘዘላቸውን እንክብል ሻል ሲላቸው ያቆሙና የተረፈውን በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጣሉ። ጎረቤቶችም የተረፋቸውን ያመጡላቸዋል። ጥርሱን ያመመው፣ ትኩሳት የያዘው ሁሉ ወደሳቸው ይመጣል፤ ሦስት አራት እንክብል በወረቀት ጠቅልለው «አላህ ያሽርህ» ብለው ይሸኙታል። ለሳቸው ይህ ሰደቃ ነበር።

ልጃቸው ሱሀይላ ደሴ በሚገኝ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ከሽንትና ከቁስል የሚገኙ ባክቴሪያዎች የትኞቹን መድኃኒቶች እንደተላመዱ የሚያጠና ቡድን ውስጥ ትሠራለች። በቆርቆሮው ነገር ከአባቷ ጋር ስንት ጊዜ ተከራክረዋል።

«አንቺ የምታዪው ጀርሙን ነው» ይሏት ነበር። «እኔ ደጄ የቆመውን ሰው እንዴት ባዶ እጁን ልመልሰው?»

ባለፈው ክረምት ሽንታቸውን ሲሸኑ ያቃጥላቸው ጀመር። ለማንም ሳይናገሩ ከቆርቆሮው እያወጡ አምስት ቀን ዋጡ። በስድስተኛው ቀን ሲንቀጠቀጡ ያገኘቻቸው ጎረቤታቸው ፋጡማ ለሱሀይላ ደወለች፤ የዚያኑ ዕለት ደሴ ገቡ።

ሱሀይላ የሽንታቸውን ናሙና ራሷ መረመረች። ባክቴሪያው በተዘራበት ክብ ሳህን ላይ በመድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ወረቀቶች ትደረድራለች። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያው ሳይበቅል ይቀራል። ከሁለት ቀን በኋላ የአባቷን ሳህን ስታነሣው ባክቴሪያው ወረቀቶቹን እየታከከ በቅሏል። ንጹሕ ክብ የታየው በአንዱ ዙሪያ ብቻ ነው። ያ መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥ ነው፤ ከተማውን ዞራ በሦስተኛው ፋርማሲ አገኘችው።

ትኩሳቱ ሲለቃቸው የሳህኑን ፎቶ በስልኳ አሳየቻቸው።

«ይሄ ከኔ የወጣ ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ከቆርቆሮዬ የመጣ ነው?»

አዎ ብትላቸው የዓመታቱ ክርክር እዚያው ያበቃ ነበር።

«አላውቅም» አለች። «ከሌላም ሊመጣ ይችላል። ግን መድኃኒት ተጀምሮ ሲቋረጥ፣ ያለ ምርመራም ሲዋጥ፣ የሚተርፈው ጠንካራው ባክቴሪያ ነው። እሱ ይራባል፤ ከሰው ወደ ሰውም ይሄዳል።»

ጋሽ በሺር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ስንቱን ሰጥቻለሁ» አሉ። «ዳነ አልዳነ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።»

ቤታቸው እንደተመለሱ ቆርቆሮውን ጤና ጣቢያ ወስደው አስረከቡ። ከዚያ በኋላ ለመጣ ሁሉ «የለኝም፤ ተመርመር» ማለት ጀመሩ። ፋጡማ ከፋት። «ሞትን አይተው ሲመለሱ ሰሰቱ» አለች መባሉን ሰሙ። ደጃቸው ጭር አለ። ከሕመሙ የባሰ የጎዳቸው ይኼ መሆኑን ለልጃቸው ነግረዋታል።

ከሁለት ወር በኋላ የፋጡማ የልጅ ልጅ ጆሮዋ መግል ያዘ። ፋጡማ በሩ ላይ ቆማ ምንም አልጠየቀችም፤ ልጅቷን ብቻ አሳየቻቸው። ጋሽ በሺር ኮታቸውን ደርበው «እንሂድ፣ እኔም አብሬ እሰለፋለሁ» አሉ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጡ። ነርሷ ልጅቷን አይታ የሰባት ቀን ሽሮፕ ሰጠቻቸው።

በአምስተኛው ቀን ጋሽ በሺር ፋጡማ ቤት ሄዱ። ልጅቷ ግቢው ውስጥ ትሮጣለች።

«ድናለች እኮ» አለች ፋጡማ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ተቀመጡ። «ጠርሙሱን እስቲ አምጪው፤ ገና ሁለት ቀን ይቀራታል።»