ባቡር የሌለው ደወል

2017 ዓ.ም.፣ የሐጋይ ወራት፣ ሙቀቱ የሚከፋበት ጊዜ። ልጄ ሐናን ሰመራ ከምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቷን ይዛ አዋሽ መጣች፤ ጥናቷ ስለ ሂፕ ሆፕ ነው። ሒሳብ አያያዝ እንድትማርልኝ ዱዓ ያደረግኩላት ልጅ፣ የግቢያችን ቆርቆሮ በሙቀት በሚንጣጣበት ከሰዓት፣ በሩቅ አገር የተናቀ ሰፈር ልጆች መድረክ ቢነፈጉ መንገድ ላይ ካርቶን አንጥፈው በጭፈራና በግጥም «እኛም አለን» እንዳሉ፣ ነገሩም ከሴኔጋል እስከ ጃፓን እንደተዳረሰ አስረዳችኝ። ከስልኳ የሚወጣው ምት ደረቴን መታው። አወቅሁት።

«እማዬ፣ እዚህስ ደርሶ ነበር?»

ደርሶ ነበር፤ በባቡር። ጅቡቲ ደርሰው የሚመለሱ ሠራተኞች ካሴት ያመጡ ነበርና ታላቅ ወንድሜ ኑሪ የሳሙና ካርቶን ቀዶ ጣቢያው ጥላ ሥር ያነጥፍና ከጓደኞቹ ጋር በጭንቅላቱ ቆሞ ይሽከረከር ነበር። የሳሙናው ሽታ ፀጉሩ ላይ ስለሚቀር እናቴ ታጥቦ የመጣ እየመሰላት ትመርቀዋለች።

አባታችን ሰይድ የጣቢያው ደዋይ ነበር፤ ከወሎ የመጣ፣ ሶላት የማያሳልፍ፣ ለቀልድ እንኳ የማይዋሽ ሰው። ጭፈራውን «የሸይጧን ጅምናስቲክ» ይለዋል። የተሰቀለውን ቁራጭ ሐዲድ በብረት ሲመታ ባቡር ቀርቧል ማለት ነውና ውሃ፣ ሎሚና ፓፓያ የሚሸጥ ሁሉ ዕቃውን አንስቶ ወደ ጣቢያው ይሮጣል።

ዘመኑ ወጣት እየታፈሰ ወደ ጦር ግንባር የሚላክበት ነበር። አንድ ቀን አሥር ሰዓት ገደማ፣ ልጆቹ ካሴቱን ከፍተው ሲጨፍሩ፣ ታጣቂዎች በመጋዘኑ በኩል ቀስ እያሉ ሲጠጉ አየሁ። ኑሪ ጭንቅላቱ ካርቶኑ ላይ፣ እግሮቹ ወደ ሰማይ ናቸው፤ አላያቸውም። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ደወሉ ጮኸ።

የባቡር ሰዓት አልነበረም፤ ግን አዋሽ ደወል ሰምቶ አይጠይቅም። ሴቱ፣ ትሪው፣ ጀሪካኑ በታጣቂዎቹና በልጆቹ መሃል ጎረፈ። አቧራው ሲወርድ ካርቶኑ ባዶውን ነበር።

አለቃቸው አባቴን ባቡሩ የታለ ብሎ አፋጠጠው። አባቴ ብረቱን እንደያዘ ወደ ሐዲዱ አየ። ይህኔ ፓፓያ ሻጯ እትዬ ዘሃራ ትሪዋን ወገቧ ላይ ደግፋ፣ «የእኛ ባቡር መቼ ሲጠሩት መጥቶ ያውቃል? እሱን ስጠብቅ አይደል ያረጀሁት» አለችው። ሰው ሳቀ። ሰውየው እየተሳደበ ሄደ።

አባቴ ከመግሪብ ሶላት በኋላ መስገጃው ላይ ብዙ ቆየ። «ደወሌ ውሸት ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ» አለን። ቆየት ብሎም፣ «ነገም ቢሆን እመታዋለሁ» አለ።

ኑሪ ዳነ፤ አልሐምዱሊላህ። ገዋኔ ከተማ ሱቅ ከፍቶ፣ ልጆች አሳድጎ፣ ባለፈው ዓመት በገዛ አልጋው ላይ ሞተ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሲጨፍር ያየው የለም።

ሐናን ሰምታኝ ስታበቃ ስልኳን ዘጋች፤ አጎቷን ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ብቻ ነበር የምታውቀው።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ አሮጌው ጣቢያ ወሰድኳት። ሐዲዱን እሾህ ውጦታል፤ ቁራጩ ብረት ግን እንደተሰቀለ ነው። ድንጋይ አንስቼ መታሁት። ድምፁ ያው ነው፤ ሐናን ቀረጸችው። ወደ ከተማው ዞሬ ትንሽ ጠበቅሁ። ማንም አልሮጠም።